ጉልበት የሚያርፍበት ወለል

ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጥቅም ያልተነገረ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ሐኪሙ ይመክራል፤ ራዲዮኑ ይመክራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ሌላ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻውን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ አሳስቧል። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ ‹‹መንገድ ለሰው›› ተብሎ አውራ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ በተደረጉ ጊዜ ስንቶቻችን ከነልጆቻችን አስፋልት ላይ እንደዘለልን የሚረሳ አይደለም። ዝለሉ፣ እጠፉ፣ ዘርጉ እንባላለን። በምን ላይ ቆመን እንደምንዘል የሚነግረን ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህን ጉዳይ ለዚህ ዐምድ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለዕርድ የሚያገለግል የጋራ ሕንፃ፣ ነዋሪው ‹‹ኮሚናል›› የሚለው፣ አብሮ እንደሚሠራ የታወቀ ነው። በምኖርበት ግቢ ካለው ኮሚናል ውስጥ ስምንት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ለብዙ ጊዜ የተሰበረ ወንበርና የባዶ ቀለም ጣሳ መከማቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር። የብሎኮቹ ሴቶች የነዋሪዎችን ማኅበር አስፈቅደው ክፍሉን አጸዱትና ከሥራ መልስ በሳምንት ሦስት ምሽት ይሰባሰቡበት ጀመር። 23 ነን። ከመካከላችን የባንክ ሠራተኛ አለች፤ መምህራን አሉ፤ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አለች፤ ከወለደች አምስት ወሯ የሆነ ነርስ አለች፤ ጡረታ የወጡ እናቶችም አሉ።

የክፍሉ ወለል ግማሹ ሊሾ፣ ግማሹ ሴራሚክ ነው። ሊሾን የመሰለ ለመጥረግና ለማጠብ የሚመች ወለል የለም፤ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ግን ምንም አይራራም። አንዲት ሴት ስትሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሯ የሚቀበለው ኃይል የክብደቷን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። 60 ኪሎ የምትመዝን ከሆነች ከ120 እስከ 180 ኪሎ ማለት ነው። ሲሚንቶ ከዚህ ውስጥ ቅንጣት አይጋራትም። ሴራሚኩ ደግሞ ላብ ጠብ ሲልበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ሁለት ወር ያህል እንደሠራን ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት መምጣት ተዉ። ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ‹‹ጉልበቴ እንቢ አለኝ ልጄ። እናንተ ዝለሉ፤ እኔ በር ላይ ሆኜ አያችኋለሁ›› አሉኝ። እውነትም ዱካቸውን አውጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ሐኪም ያዘዛቸው ግን ቁጭ ብለው እንዲያዩ አልነበረም፤ ዝላዩን ትተው እንቅስቃሴውን እንዲቀጥሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራታ በእጇ ተደገፈች፤ አንጓዋ አብጦ ልጇን በአንድ እጅ ስታጠባ ሰነበተች። ከዚያ በኋላ የወለሉ ጉዳይ የወሬ ማሳመሪያ መሆኑ ቀረ።

ስምንት ወር ሙሉ ከየደመወዙና ከየጉሊቱ የተጠራቀመ መዋጮ ነበረን። ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይወጣል እንጂ ሁለተኛ አይገኝም። የልጅ ደብተር፣ የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ እያለባት ድጋሚ አዋጪ የምትባል ሴት ምን እንደምትል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። ወጣቶቹ እንደ እንቆቅልሽ እየተሰካኩ የሚገጣጠሙትን ባለ ቀለም ስፖንጆች ፈለጉ፤ ዋጋቸውም ቀለማቸውም ይስባል። ሌሎቹ የሳሎን ላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል አሉ። ‹‹ጎማ ነው ጎማ!›› ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ፣ ‹‹አንቺ ጋዜጠኛ ነሽና ጠይቀሽ ንገሪን›› ተባልኩ። ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ሱቅ ለሱቅም ዞርኩ።

ከስፖንጁ ልጀምር። ተኝቶ ለመዘርጋት፣ ሆድን ለማጠንከር፣ ከወሊድ በኋላ ለሚሠሩት ቀስ ያሉ እንቅስቃሴዎች ምቹ ነው። ብረት ከተቀመጠበት ግን ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱም አይመለስም። ክብደት ይዛ የቆመች ሴት ደግሞ እግሯ ስለሚሰምጥ ሚዛኗ ይናጋል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የልጆች መጫወቻ ሆነው የሚሸጡት ስፖንጆች ከፎርማማይድ ኬሚካል የተነሣ ቤልጅግ ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ እንዳይሸጡ ታግደው እንደነበረም ማወቅ ይገባል። ይህን የምለው ስፖንጅ ሁሉ መርዝ ነው ለማለት አይደለም። ሲፈቱት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያለውን እቃ በርካሽነቱ ብቻ አንግዛ ለማለት ነው።

የላስቲክ ምንጣፉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ ሲሚንቶው በቀለም ተሸፈነ እንጂ አልለሰለሰም፤ ሲረጥብም እንደ ሴራሚኩ ያንሸራትታል።

ጎማ ፍለጋ መርካቶ ስወጣ በመጀመሪያ የተመራሁት ወደ ምናለሽ ተራ ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የማይሠራ ነገር በሌለበት በዚያ ሰፈር አንድ ሰው፣ ‹‹እትዬ፣ ጎማውን ዘርግቼ በልክሽ እቆርጥልሻለሁ፤ የዕድሜ ልክ እቃ ነው›› አለኝ። በረባሶ ስንቱን ሰው አቀበትና ቁልቁለት እንዳሻገረ ለሚያውቅ አገር ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የመኪና ጎማ በውስጡ የብረት ሽቦ አለበት። ሲቆረጥ የሽቦው ጫፍ በጠርዙ ብቅ ይላል፤ በባዶ እግር ለሚሠራና ለሚድህ ሕፃን አደጋ ነው። ከዚህም ሌላ ጎማው የተሠራው ክብ ሆኖ ነውና ተዘርግቶ አይተኛም፤ ጠርዙ ተነሥቶ ያደናቅፋል። ሰውየውን አመስግኜ ተለየሁት።

ለስፖርት ክፍል የሚሸጠው ጎማ አብዛኛው የሚሠራው ከዚያው ከአሮጌ ጎማ ነው፤ ልዩነቱ ሽቦውና ክሩ ወጥቶለት፣ እንደ ቆሎ ተፈጭቶ፣ በማጣበቂያ ተለውሶና በኃይል ተጨፍልቆ መሠራቱ ላይ ነው። ሌላው ዓይነት ከጥሬው ጎማ ከድኝ ጋር በሙቀት የሚበስለው ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. ይህን የማብሰል ዘዴ እስኪደርስበት ድረስ ጎማ በሙቀት የሚልመጠመጥ፣ በብርድ የሚሰነጣጠቅ ነገር ነበር። አዲስ ጎማ ሲሸተን የሚሰማን የድኝ ሽታ ከዚያ የመጣ ነው። በገበያ በሦስት መልክ ይገኛል፤ በጥቅል፣ በአራት ማዕዘን ቁራጭና ጠርዙ ተጠርቦ እየተሰካካ በሚገጣጠም ቁራጭ። ለሰፊ አዳራሽ ጥቅሉ መጋጠሚያው ስለሚያንስ ይመረጣል፤ ለእንደ እኛ ያለ ክፍል ግን ቁራጩ ይሻላል። ሁለት ሴቶች ይሸከሙታል፤ አንዱ ቢበላሽ እሱ ብቻ ይነሣል፤ ማኅበሩ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ቢፈልገው እንኳ ተነቅሎ ይወሰዳል።

ነጋዴዎቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ውፍረት ነው። ‹‹ወፍራም ነው፣ ይችን ተመልከች›› ይላሉ። ውፍረት እርግጥ ያስፈልጋል። ለኤሮቢክስ፣ ለገመድ ዝላይና ለትናንሽ ክብደት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያገለግላል፤ ከበድ ያለ ብረት ለሚያነሡ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ ብረቱን ከላይ ወደ ታች ለሚጥሉት ደግሞ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ያሻል። ነገር ግን ወፍራም ሆኖ ቀዳዳ የሞላው ጎማ አለ፤ ቀጭን ሆኖ ጥቅጥቅ ያለም አለ። ይህን የሚለየው ሚዛን ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ጎማ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዚያው ልክ ስፖንጅ አንድ ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው። ጎማ ተብሎ ስድስትና ሰባት ኪሎ ብቻ የሚመዝን ከሆነ አየር እየገዛን ነውና እንተወው። እኛ ጎረቤት ካለው እህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን ነበር የሄድነው። ነጋዴው ሲያየን ሳቀ፤ ስንመዝን ግን ሳቁን ተወ።

ሌሎቹ መፈተኛዎችም ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። የጎማውን ጥግ በጥፍር መፈልፈል፤ ፍርፋሪው እንደ ዳቦ የሚረግፍ ከሆነ ማጣበቂያው አልያዘም ማለት ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዞ ማሸት፤ ትንሽ ጥቁረት መልቀቁ ያለ ነው፤ ጨርቁ ከሰል የነካ መስሎ ከጠቆረ ግን የልጆቻችን ጉልበትና ካልሲ እንደዚያው ይሆናል። ውሃ ጠብ አድርጎ በሸራ ጫማ መርገጥ። ማጠፍ፤ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ አርጅቷል። ባለ ነጠብጣብ ቀለሙን በተመለከተ፣ ሰማያዊና ግራጫ ነጠብጣቦቹ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባል ሌላ ዓይነት ጎማ የሚጨመሩ ናቸው። ነጠብጣቡ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ያምራል፤ ይሁን እንጂ ለጉልበት የሚጨምረው ነገር ስለሌለ በመዋጮ ገንዘብ የሚገዛ አይመስለኝም። ወጣቶቹ በዚህ ቅር ተሰኝተውብኛል።

የሽታው ጉዳይ የእናት ጉዳይ ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራ እቃ ከዘይቱና ከጥቀርሻው የመጡ፣ ካንሰር የማምጣት ጠባይ ያላቸው ኬሚካሎች ሊኖሩበት ይችላሉ። የአውሮጳ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ጀምሮ ቆዳ በሚነካቸው የጎማና የፕላስቲክ እቃዎች ላይ ከእነዚህ መካከል ስምንቱን ገድቧል። የእያንዳንዱ መጠን በአንድ ኪሎ እቃ ከአንድ ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ለልጆች በሚሠራ እቃ ላይ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው ሕጉ የሚለው። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ያለውን ሻጭ መጠየቅ አያሳፍርም። ወረቀት የለኝም የሚል ቢሆን እንኳ በአፍንጫ መፍረድ ይቻላል። አዲስ ጎማ ሁሉ ይሸታል፤ ነገር ግን አየር በሚገባበት ቦታ ተዘርግቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶም ራስ የሚያዞር ከሆነ መስኮት በሌለው ክፍል የሚነጠፍ አይደለም። ነርሷ በዚህ ላይ የጸና አቋም ነበራት። ‹‹ልጄን ይዤ ነው የምመጣው፤ የማስቀምጣትም እዚያው ወለሉ ላይ ነው›› አለች። ልጅ የሚጠብቅላት ከሌለ እናት ወደ ስፖርት የምትሄደው ልጇን ይዛ ነውና ንግግሯን ማንም አልተቃወመም። የገዛነው ጎማ ከመነጠፉ በፊት 18 ቀን ጣሪያ ባለው በረንዳ ላይ ቆመ።

እነዚያን ቀኖች በከንቱ አላሳለፍናቸውም። ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሲሚንቶ ደረቅ ይምሰል እንጂ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ ጎማ ሲጫንበት መውጫ ያጣው እርጥበት ሻጋታ ይሆናል፤ ማጣበቂያውንም ይፈታል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፎ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ከ16 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ መተው ነው። ስንገልጠው በበሩ በኩል ያለው ደረቅ ነበር፤ በማጠቢያው በኩል ያለው ግን ከላስቲኩ ሥር ወዝቶ ወለሉም ጠቁሮ ተገኘ።

ለክርክሩ መፍትሔ የሰጠው ይኸው ሆነ። ገንዘባችን 48 ካሬ ሜትሩን በሙሉ ሊሸፍን የሚችለው በቀጭኑና በቀላሉ ዓይነት ነበር። ግማሹን ብቻ ከሆነ ግን ጥቅጥቅ ያለውን ባለ 10 ሚሊ ሜትር መግዛት ይቻላል። ወለሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ያስጠላል ያሉ ነበሩ፤ ሐቅ አላቸው፤ ክፍሉ አሁንም ሁለት ሰዎች ተጣልተው የተካፈሉት ይመስላል። ሆኖም እርጥብ በሆነው በኩል ጎማ ማንጠፍ ገንዘብ መቅበር ነው። 24 ካሬ ሜትር፣ 24 ቁራጭ፣ 240 ኪሎ ገደማ ገዛን፤ ለሚቆረጠውና ለመጠባበቂያ ሁለት ቁራጭ ጨመርን። ለአንድ ሰው ሦስት ካሬ ሜትር ቢታሰብ በአንድ ጊዜ ስምንት ሴቶችን ይይዛል። 23 ነንና ተራ ማውጣት ግድ ሆነ። የጉልበት ሕመም ያለባቸውና የወለዱ ቀድመው ጎማው ላይ ይሠራሉ፤ ሌሎቻችን ሊሾው ላይ ዝላይ የሌለበትን፣ የእጅና የወገብ እንቅስቃሴ እየሠራን እንጠብቃለን። በዚህ ላይ የሚያጉረመርሙ አሉ። ‹‹እኩል አዋጥቼ ስለምን እጠብቃለሁ?›› ብላ በግልጽ የጠየቀችም አለች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ከቀጣዩ መዋጮ በፊት መልስ ይፈልጋል።

ጎማው ተአምር እንደማይሠራም መነገር አለበት። በአውሮጳ ለቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሾች የወጣው ኢ.ኤን. 14904 የሚባለው ደረጃ ወለሉ ከዝላዩ ኃይል ቢያንስ 25 በመቶውን እንዲውጥ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ቀጭን ጎማ ብቻውን እዚያ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ እግር እንዳያንሸራትት ይይዛል፤ ከቅዝቃዜ ያድናል፤ የወደቀን ሰው ምቱን ያለዝብለታል። ጥሩ ጫማንና ልከኛ ዝላይን ግን አይተካም። በቤታቸው፣ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ የሚሠሩ እኅቶችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። 10 ሚሊ ሜትር ጎማ ክብደት ሲቀመጥ የሚሰማውን ኳኳታ ይቀንሳል፤ የዝላይን ዱብዱብታ ግን ጣሪያውን አልፎ እታች ላለው ጎረቤት ከመድረስ አያግደውም። ሕፃን የሚያስተኛ ጎረቤት ካለ ዝላዩን ወደ ግቢ ማውረድ ነው እንጂ ጎማ መደራረብ አያዋጣም።

ማንጠፉን ራሳችን ሠራነው። ቁራጮቹ ከባድ ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ማጣበቅ አላስፈለገም፤ ዳር ዳሩን ብቻ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ያዝናቸው። በማስቲሽ እናጣብቀው ያለ ሠራተኛ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትነቱ ራስ እንደሚያሳምም ስለማውቅ አልተስማማሁም። ከግድግዳው ጋር የጣት ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ተውን፤ ጎማ በሙቀት ይለጠጣልና። ቆረጣው በአንድ ጊዜ ተጭኖ አይሆንም፤ ቀጥ ያለ እንጨት አስደግፎ በስለታም ቢላዋ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ መሳብ ነው። ጎማውና ሊሾው የሚገናኙበት ጠርዝ እንዳያደናቅፍ ተዳፋት ያለው ማስጨረሻ አደረግንለት፤ የአዛውንቷ እግር መጀመሪያ የሚረግጠው እዚያ ነው። አሁን ዱካቸው ከበሩ ተነሥቷል። አይዘሉም፤ ግድግዳ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።

የቀረው የጽዳቱ ጉዳይ ነው። ጎማ በየዕለቱ ይጠረጋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይወለወላል፤ ውሃ አይንጣለልበትም። በረኪና ያደርቀዋል፤ ላምባና ቤንዚን ያቀልጠዋል። ቅባትም ጠላቱ ነው፤ ያበጠዋል፣ ያልመዋልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉራችንን ቅቤ ተቀብተን እየመጣን ስንጋደምበት ይህ ነገር ተነሥቶ ብዙ ካሳቀን በኋላ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ ‹‹ቅቤ የተቀባች ፎጣ ይዛ ትምጣ።››